«ሦስት ወር ጠብቁ» ለሚለው ምክር የተሰጠ ምላሽ፦ የታዳጊዎች ስኳር ቀጠሮ አይሰጥም

በታዳጊዎች ላይ ስለሚታዩ የስኳር ሕመም ምልክቶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰንብቷል። ጸሐፊው ወላጆች በትንሽ በትልቁ እንዳይደናገጡ ማሰቡ ያስመሰግነዋል። ድካም ብቻውን የስኳር ማስረጃ አይሆንም ማለቱም ትክክል ነው። ቀሪው ግን ያሳስባል። ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ ቀጭን ልጅ፣ በቤተሰቡም ስኳር የሌለበት ልጅ አያሰጋም፤ ውሃ ጥማትና ሽንት መመላለስ የጉርምስና ጠባይ ስለሆነ ሦስት ወር ታይቶ ይወሰን፤ የተጠራጠረ ሽንቱ ላይ ጉንዳን መምጣት አለመምጣቱን ይመልከት፤ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ደኅና ከሆነ ነገሩ ይዘጋ፤ የሆድ ቁርጠትና ትውከት ከስኳር ጋር አይገናኝም፤ የአንገት መጥቆር የንጽሕና ጉድለት ነው፤ ሕመሙ ቢገኝ እንኳ ከኢንሱሊን በፊት ጣፋጭ ማቆምና የዕፅ መድኃኒት መሞከር ይቅደም።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ተራ ስሕተት ናቸው፤ ሁለት ሦስቱ ግን ልጅ ይገድላሉ። ረዘም አድርገን የምንቆየው በእነዚያ ላይ ነው።

ቀጭን ነው፣ ዘርም የለበትም

ጽሑፉ እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ስም ጠርቷል። ዓይነት 1 የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኃይል ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሴሎች እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠፋቸው ነው። ጣፋጭ በመብላት አይመጣም፤ ጣፋጭ በመተውም አይቀርም። ጥፋቱ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል፤ ልጁ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ ምንም አይሰማውም። ምልክቱ ብቅ የሚለው አብዛኞቹ ሴሎች ካለቁ በኋላ ስለሆነ ላየው ሰው ባንድ ሳምንት የመጣ ይመስላል። በዓይነት 2 ደግሞ ኢንሱሊኑ ይመረታል፤ ሰውነት ግን እንደሚገባው አይታዘዝለትም፣ ቆሽትም ውሎ አድሮ ይደክማል። ውፍረትና የቤተሰብ ታሪክ በዋናነት የሚያያዙት ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ነው።

ዓይነት 1 በርክቶ ከሚጀምርባቸው የዕድሜ ክልሎች አንዱ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያለው ነው። በዚህ ሕመም አዲስ ከሚያዙት ልጆች ከአሥር ዘጠኙ ገደማ ዓይነት 1 ያለበት ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት የላቸውም። «በእኛ ቤት የለም» ብሎ መተኛት እንግዲህ ከሚታመሙት ልጆች ብዙዎቹን ከጥርጣሬ ውጭ ማድረግ ነው። ቅጥነትማ ማጽናኛ ሊሆን ቀርቶ ራሱ ምልክቱ ሊሆን ይችላል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ወፍራም ልጅን ዓይነት 1 ሊይዘው ይችላል፤ ዓይነት 2 ያለበት ልጅም ደሙ ኬቶን በሚባል፣ ሰውነት ስብ ሲያፈርስ በሚፈጠር አሲድ ሊመረዝ ይችላል። የሰውነት ቅርጽ አይቶ ዓይነቱን መገመት ለሐኪም እንኳ ስለሚያስቸግር ነው የመከላከያ ኃይሉ ቆሽትን ማጥቃቱን የሚያሳየው የአንቲቦዲ ምርመራ የሚታዘዘው። የወላጅ ሥራ ዓይነቱን መለየት ሳይሆን ስኳሩን ማስለካት ነው።

ሦስቱ ወራት

ጸሐፊው ለመጠበቅ ምክንያት ያደረገው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ነው። እዚህ ግን የሚያፈሰው የዘገየው ነው። ዓይነት 1 ከመጀመሪያው ጥማት ተነሥቶ አደገኛው ደረጃ ላይ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ነው። ሦስት ወር ይጠበቅ የተባለ ልጅ ወሩ ሳይሞላ ድንገተኛ ክፍል ሊገኝ ይችላል።

ጽሑፉ ሽንት የበዛው ልጁ ውሃ ስላበዛ ነው ይላል፤ ነገሩን ገልብጦታል። ኩላሊት ከደም የሚያጣራውን ስኳር መልሶ ይሰበስባል፤ የደም ስኳር በዴሲሊትር ወደ 180 ሚሊግራም ሲደርስ ግን መሰብሰቡ ያቅተውና ትርፉ ወደ ሽንት ይፈሳል። ስኳር ብቻውን አይወጣም፣ ውሃ እየጎተተ ነው የሚወጣው። ሽንቱ ስለበዛ ሰውነት ይደርቃል፣ ስለደረቀ ይጠማዋል፣ የጠጣውም መልሶ ይወጣል፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ይህን ቅደም ተከተል አለማወቅ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንዱ «ሌሊት እንዳይሸና» ተብሎ ልጁ ከመኝታ በፊት ውሃ መከልከሉ ነው፤ ሽንቱ አይቆምም፣ ድርቀቱ ግን ይፋጠናል። ሌላው ለጥማቱና ለድካሙ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ ማቅረብ ነው፤ ያ ደግሞ በሞላው ላይ መጨመር ነው።

ክብደት መቀነሱም ከዚሁ ይመዘዛል። 1 ግራም ስኳር 4 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል፤ በቀን 100 ግራም በሽንት ከወጣ 400 ኪሎ ካሎሪ ባከነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ኢንሱሊን ከሌለ ሴሎች በደም ውስጥ ያለውን ስኳር መጠቀም ስለማይችሉ ሰውነት ስቡንና ጡንቻውን ያፈርሳል። ለዚህ ነው ልጁ ደጋግሞ እየበላ የሚከሳው። በጉርምስና ዕድሜ ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ቁመቱ እየመዘዘ ኪሎው ለወራት ባለበት የቆመ ልጅም በተግባር እንደቀነሰ ይቆጠራል። ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ከገባ፣ የትከሻው አጥንት ከወጣ «መዘዘ» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ከጉርምስና ጠባይ ጋር መምታታቱ ግን እውነት ነው፤ ጸሐፊው ይህን ማንሣቱ አልከፋም። መለያው ታዲያ ጊዜ መስጠት ሳይሆን ጥያቄውን ማጥበብ ነው። ታዳጊ ልጅ የመጸዳጃ ነገሩን ለወላጅ አያወራም፣ ሲለብስ አይታይም፣ ክፍሉን ይዘጋል፤ ሕፃን ቢሆን ዳይፐሩ ይናገር ነበር። «ደኅና ነህ?» ተብሎ ቢጠየቅ «ደኅና ነኝ» ይላል፤ ያ መልስ ምንም አይነግርም። የሚሻለው እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነው፦ ሌሊት ለሽንት ስንት ጊዜ ትነሣለህ? ባለፈው ወርስ ትነሣ ነበር? በትምህርት ሰዓት አስፈቅደህ ትወጣለህ? አልጋህ አጠገብ ውሃ ማስቀመጥ ከጀመርክ ስንት ጊዜህ ነው? ሰሌዳው ይደበዝዝብሃል? የምንፈልገው ብዛቱን ሳይሆን ለውጡን ነው። ከድሮም ብዙ ውሃ የሚጠጣ ልጅ አለ፤ ሌሊቱን ሳይነሣ ያድር የነበረው ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ መነሣት ከጀመረ ግን ያ ለውጥ ነው። ለዓመታት አልጋው ሳይረጥብ ያደረ ልጅ አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ በዚያው ቀን ስኳሩ ይለካ፤ ጭንቀት ነው፣ ስንፍና ነው የሚለው ክርክር ከልኬቱ በኋላ ይደርሳል። ደግሞ ታዳጊው በኀፍረት አንሶላውን ራሱ አጥቦ ሊደብቅ ይችላል።

ድካሙንም መለየት ይቻላል። ከእንቅልፍ ማጣት የመጣ ድካም ሁለት ሦስት ሌሊት ጠግቦ ሲተኛ ይቀላል፤ የስኳር ድካም በእንቅልፍ አይለቅም፣ ጥማትና ሽንትም ይከተሉታል። ብስጩነት፣ ትምህርት ላይ አለማተኮር፣ የስፖርት አቅም መውረድ ብቻቸውን ብዙ ባይናገሩም ከጥማቱ ጋር ሲመጡ ይቆጠራሉ። በልጃገረዶች ላይ የማይለቅ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ የብልት ማሳከክና የፈንገስ ኢንፌክሽን፣ በወንዶች ላይ የብልት ጫፍ መቅላትና መቁሰል ሊታይ ይችላል፤ ፈንገስ ስኳር ባለበት ይመቸዋል። ልጆች አፍረው ስለማይናገሩት፣ ቅባት ገዝተው ዝም ስለሚሉ፣ ጽሑፉም ጨርሶ አላነሣውም።

የዐይን መደብዘዝን በተመለከተ ጽሑፉ መነጽር ይለካ ብሏል። የደም ስኳር ሲወጣና ሲወርድ የዐይን ሌንስ ውሃ እየያዘና እየለቀቀ ቅርጹ ይለዋወጣል። በዚያ ጊዜ የተለካ መነጽር ስኳሩ ሲስተካከል አይሆንም፤ ልኬቱ ስኳሩ ከተረጋጋ ከሳምንታት በኋላ ቢሆን ገንዘብም ጊዜም ይተርፋል።

ምልክቱን ቀድሞ ማወቅ ምን ያህል እንደሚያተርፍ በጣልያን የፓርማ አካባቢ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ታይቷል። በየትምህርት ቤቱ ስለ ጥማት፣ ስለ ሽንት መብዛትና ዳግም ስለጀመረ የአልጋ ሽንት የሚናገር ፖስተር ተለጠፈ፤ የሕፃናት ሐኪሞችም የስኳርና የኬቶን መለኪያ በእጃቸው እንዲይዙ ተደረገ። ሕመሙ ሲታወቅ በኬቶን አሲድ ተመርዘው የሚደርሱት ልጆች ድርሻ ከ78 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ ወረደ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ የተለወጠው የተጠበቀው ጊዜ ብቻ ነበር።

ስለ ጉንዳኑ

ሽንት ላይ ጉንዳን መሰብሰቡ ከጥንት የታወቀ ነው፤ ስኳር ያለበት ሽንት ይስባቸዋል። ጽሑፉ የሳተው ካልመጡ ስኳር የለም ማለቱ ላይ ነው። ጉንዳን በአካባቢው ላይኖር ይችላል፤ ሽንቱ በውሃ ሊታጠብ ይችላል፤ ስኳሩ ከ180 በታች ሆኖ በሽንት ላይ ገና ላይታይም ይችላል። ሽንት ሲነካው ቀለሙ የሚለወጥ መመርመሪያ ስትሪፕ ሲኖር ጉንዳን መጠበቅ ለምን እንዳስፈለገ አልገባንም።

ስትሪፑ ራሱ ገደብ አለው። ሽንቱ ትኩስ ይሁን፤ ቀለሙ የሚነበበው ዕቃው ላይ በተጻፈው ሰከንድ ልክ ነው፤ ደቂቃዎች ቆይቶ የተነበበ ስትሪፕ ያሳስታል። ክዳኑ ተከፍቶ የሰነበተ ወይም ጊዜው ያለፈበት አይታመንም። ብዙ ቫይታሚን ሲ የወሰደ ልጅ ሽንት ውስጥ ስኳር እያለም ስትሪፑ የለም ሊል ይችላል። ስኳር ካሳየ በዚያው ቀን ደም ይለካ። ካላሳየ ደግሞ፣ ምልክቱ እስካለ ድረስ፣ ደሙ ይለካል እንጂ ነገሩ አይዘጋም።

በባዶ ሆድ ደኅና ከሆነ ይዘጋ

ይህ ነጥብ የዋህ ይመስላል፤ በተግባር ግን አዘውትሮ ልጁን የሚጎዳው እሱ ነው። ልጁ ከሰዓት በኋላ ተጠምቶ ተዳክሞ ይመጣል፤ «ነገ ጠዋት ሳትበላ ና» ይባላል። ነገ ፈተና አለው፣ ከነገ ወዲያ በዓል ነው፣ ሳምንቱ ያልፋል። ምልክት ላለበት ልጅ ጾሞ መምጣት አያስፈልግም። በየትኛውም ሰዓት፣ በልቶም ሳይበላም የተለካ የደም ስኳር በዴሲሊትር 200 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ጥማት፣ ሽንት መብዛትና ክብደት መቀነስን የመሰሉት ምልክቶች ካሉ ሕመሙ ተረጋገጠ ማለት ነው። ሁለተኛ ምርመራ፣ የስኳር ውሃ አጠጥቶ መለካትም አያሻም፤ ቀን ማባከን ብቻ ሳይሆን ጉዳትም አለው።

የባዶ ሆድ ልኬት ቢያንስ 8 ሰዓት ከጾሙ በኋላ የሚወሰድ ሲሆን ከ126 ጀምሮ የስኳር ሕመም ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ቅድመ ስኳር ይባላል፤ አንዳንድ መመሪያዎች መነሻውን 110 ያደርጉታል። በጅማሬው ላይ ያለ ልጅ ግን ሌሊቱን ጾሞ ሲነሣ ከ126 በታች ሊያሳይና ከምግብ በኋላ 250 ሊደርስ ይችላል፤ የተረፈችው ትንሽ ኢንሱሊን ለሌሊቱ ትበቃለች፣ ለምሳው አትበቃም። ጠዋት የተለካውን ብቻ አይቶ መዝጋት ለዚህ ነው የሚያሳስተው።

ጽሑፉ አማራጭ አድርጎ ያቀረበው ሄሞግሎቢን ኤዋንሲም ለታዳጊ ምልክት ብቻውን አይበቃም። ይህ የደም ምርመራ የሚናገረው ያለፈውን የ2 እስከ 3 ወር የደም ስኳር አማካይ ነው። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን የስኳር ሕመምን ያመለክታል፤ ነገር ግን ሕመሙ ከሦስት ሳምንት በፊት የፈነዳ ልጅ አማካዩ ገና አልጨመረ ይሆናል። ቀይ የደም ሴሎች ያለ ዕድሜያቸው የሚፈርሱበት የደም ማነስ ቁጥሩን በሐሰት ያወርደዋል፤ የብረት እጥረት ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ዝቅ ያለ ኤዋንሲ ምልክት ያለበትን ልጅ ነጻ አያወጣም።

ምልክት በሌለበት ግን ጥንቃቄው ይገለበጣል፤ አንድ ከፍ ያለ ቁጥር ብቻውን ሕመም አያሰኝም፣ በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። በትኩሳት፣ በአደጋ ወይም ስቴሮይድ በሚወሰድበት ጊዜ ስኳር ለጊዜው ሊወጣ ይችላል።

ቤት ውስጥ በግሉኮሜትር (በጣት ደም ስኳር በሚለካው ትንሽ መሣሪያ) ለሚለኩ፦ እጅ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፣ በደንብም ይድረቅ። ፍራፍሬ ወይም ጣፋጭ የነካ ጣት ቁጥሩን በብዙ ያንረዋል፤ እርጥብ ጣት ደሙን ያቀጥነዋል። አልኮል ከተጠቀማችሁ ደርቆ ያልቅ። የሚወጋው የጣት ጫፍ ጎን ነው፣ መሐሉ ይበልጥ ያማል። ጣቱን አጥብቆ መጭመቅ ደሙን ከሌላ ፈሳሽ ጋር ይቀላቅለዋል። ስትሪፑ ጊዜው ያላለፈበት፣ ጠርሙሱም ክዳኑ የተከደነ ይሁን። ያልጠበቃችሁት ቁጥር ከወጣ እጅ ታጥቦ በሌላ ጣት ይደገም። ጥሩ የሚባለው መሣሪያ እንኳ ከ100 በላይ ባለው ቁጥር ላይ እስከ 15 በመቶ ወዲያና ወዲህ ማለት ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ 185 ያሳየ መሣሪያ ምልክት ያለበትን ልጅ «ከ200 በታች ነህ» ብሎ አያሰናብትም፤ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ ይሂድ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ ያላወቃቸው ይወድቅባቸዋል። አንዳንድ መሣሪያ የሚያሳየው በሚሊሞል በሊትር ነው፤ 15 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ዝቅ ብሏል ብሎ ስኳር ሊያቀምሰው ይችላል፤ በ18 ሲባዛ ግን 270 ሚሊግራም ነው። ሁለተኛው መሣሪያው ከቁጥር ይልቅ በእንግሊዝኛ «ሃይ» የሚል ሲያወጣ ነው። ሰላምታ አይደለም፤ መለካት ከምችለው በላይ ነው ማለቱ ነው፣ በብዙዎቹ ከ600 በላይ፣ በአንዳንዶቹ ከ500 በላይ።

የሆድ ቁርጠትና ትውከት

ከጽሑፉ ሁሉ እጅግ አደገኛው ዐረፍተ ነገር ትውከትና የሆድ ሕመም ከስኳር ጋር አይገናኙም የሚለው ነው። በታዳጊ ላይ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በእነዚሁ ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ጉበት የስብ ፍርስራሽን ወደ ኬቶን ይለውጣል፤ ኬቶን አሲድ ስለሆነ ሲከማች የደምን ፒኤች፣ ማለትም አሲድ ሲበዛ የሚወርደውን ልኬት፣ ያወርዳል። ፒኤች ከ7.3 በታች ሲሆን ሁኔታው ኬቶአሲዶሲስ ይባላል። ያኔ ማቅለሽለሽ፣ ትውከትና ጠንካራ የሆድ ቁርጠት ይመጣሉ፤ ሰውነት አሲዱን በትንፋሽ ለማስወጣት ስለሚታገል አተነፋፈሱ ፈጣንና ጥልቅ ይሆናል፤ ቀጥሎ ልጁ ይደነዝዛል፣ ይተኛል፣ አይነቃም።

ይህን የመሰለ ልጅ ጨጓራ፣ የምግብ መመረዝ፣ ትርፍ አንጀት፣ የሳንባ ምች ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተብሎ ሊታከም ይችላል። የሚለየው እንዲህ ነው። የሚያስመልስና የደረቀ ልጅ ሽንቱ ማነስ ነበረበት፤ እያስመለሰ፣ አፉ እየደረቀ ብዙ የሚሸና ልጅ ስኳር እስኪለካ ድረስ የስኳር ሕመምተኛ ነው ብሎ ማሰብ ይሻላል። የአንጀት ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ ተቅማጥ አለው፤ እዚህ ብዙ ጊዜ የለም። የሳንባ ምች ሳልና ትኩሳት ይኖረዋል፤ እዚህ ልጁ ሳያስል፣ ደረቱም ሲሰማ ንጹሕ ሆኖ እንደሮጠ ሰው ይተነፍሳል። ባለሙያንም የሚያሳስት አንድ ነገር እንጨምር፦ በኬቶአሲዶሲስ ኢንፌክሽን ሳይኖርም ነጭ የደም ሴል ሊጨምር ይችላል። የላቦራቶሪ ወረቀቱን አይቶ «ኢንፌክሽን አለ» ብሎ አንቲባዮቲክ አዝዞ የሚመልስ ሰው ካጋጠማችሁ «ስኳሩ ተለክቷል?» በሉ።

የትንፋሽ ሽታው እንደ በሰበሰ ፍራፍሬ ወይም እንደ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው ይባላል፤ ነውም። ግን ሁሉም አፍንጫ አይለየውም፤ ሽታው አለመሰማቱን እንደ ደኅንነት አትቁጠሩት።

ኬቶን በደም ሲለካ በሊትር ከ0.6 ሚሊሞል በታች ደኅና ነው፤ 1.5 ካለፈ አሳሳቢ ነው፤ 3 እና ከዚያ በላይ ድንገተኛ ነው። የሽንት ስትሪፕ የሚለካው አሴቶአሴቴት የተባለውን ኬቶን ብቻ ስለሆነ፣ ዋናው ኬቶን ደግሞ ሌላ ስለሆነ፣ «ጥቂት» ብሎ ያሳየው ነገር በደም ውስጥ ብዙ ሊሆን ይችላል።

ወደ ሕክምና ሲኬድ ነቅቶ የሚውጥ ልጅ ንጹሕ ውሃ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። የደነዘዘ ልጅ ምንም በአፉ አይሰጠው፤ በጎኑ ይተኛ። የሌላ ሰው ኢንሱሊን አይወጋ። የሚደረስበት ቦታ ደም መርምሮ ማስተኛት የሚችል ይሁን። ከሁሉ በላይ፣ ስኳሩ ሳይለካ ምንም ድሪፕ አይጀመር፤ ለደከመ ልጅ የግሉኮስ ድሪፕ መስቀል በብዙ ቦታ ልማድ ነው፣ በዚህ ሁኔታ ግን ስኳሩን ወደ ላይ ይሰቅለዋል። በልጆችና በወጣቶች ላይ የአንጎል ማበጥ አደጋ ስላለ የፈሳሹ መጠንና ፍጥነት በጥንቃቄ ይሰላል፤ የጎደለው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ቀስ ብሎ ይተካል፤ ኢንሱሊኑም የሚጀመረው ፈሳሹ ቢያንስ 1 ሰዓት ከሄደ በኋላ ነው። ይህ ቤት ውስጥ የሚደረግ ሥራ አይደለም።

የአንገት መጥቆር

በአንገት ኋላ፣ በብብት ወይም በብሽሽት የሚወጣ፣ ሲዳሰስ እንደ ከፋይ የሚለሰልስና የወፈረ ጥቁረት እድፍ አይደለም። በሳሙና አይለቅም፤ መፈግፈግና ማንጫ ቅባት ቆዳውን ያቆስሉታል፣ ልጁንም ያሳፍሩታል። የሚመጣው ሰውነት ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ሲዳከም ቆሽት ብዙ ኢንሱሊን ስለሚያመርትና ያ ትርፍ ኢንሱሊን የቆዳ ሴሎችን ስለሚያባዛ ነው። ስኳር ያዘው ማለት አይደለም፤ ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ጉርምስና ራሱ በእድገት ሆርሞን ምክንያት ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ሲሶ ያህል ይቀንሰዋልና መንገዱ በዚህ ዕድሜ ይቁለቆላል።

ዓይነት 2 ለረጅም ጊዜ ዝም ሊል ስለሚችል ምልክት ሳይጠበቅ ነው የሚፈለገው። ክብደቱ ለዕድሜውና ለቁመቱ ከሚገባው በላይ የሆነ ልጅ ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለበት፣ 10 ዓመት ሲሞላው ወይም ጉርምስና ሲጀምር፣ ከሁለቱ በቀደመው ጊዜ ይመርመር፦ ዓይነት 2 ያለበት የቅርብ ዘመድ፣ እርሱን ስታረግዝ ስኳር የነበረባት እናት፣ የአንገት ጥቁረት፣ የደም ግፊት፣ የተዛባ የደም ስብ፤ በልጃገረድ ደግሞ የተዛባ የወር አበባ ከፊት ፀጉር መብዛት ጋር። ደኅና ከሆነ ቢያንስ በ3 ዓመት አንዴ ይደገማል፤ ክብደቱ እየጨመረ ከሄደ ቀደም ብሎ። የቤተሰብ ታሪክ የሚጠቅመው እዚህ ነው፤ ጸሐፊው ያለቦታው አዋለው።

ከኢንሱሊን በፊት ጣፋጭ ማቆምና ዕፅ

ለዓይነት 2 አመጋገብና እንቅስቃሴ የሕክምናው እኩሌታ ናቸው፤ በዚህ ከጽሑፉ ጋር አንጣላም። ያም ሆኖ ምልክት የታየበትና ኤዋንሲው 8.5 በመቶ የደረሰ ወይም ኬቶን ያለበት ታዳጊ ዓይነት 2 ቢሆን እንኳ በመጀመሪያ ኢንሱሊን ይሰጠዋል።

በዓይነት 1 ግን ሙከራው አስቀድሞ ተሞክሯል። ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት የነበረው ሕክምና ምግብን እስከ ረኀብ ድረስ መቀነስ ነበር፤ ልጆቹ ጥቂት ወራት ይጨመርላቸውና አጥንታቸው ወጥቶ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 በቶሮንቶ ኢንሱሊን መጀመሪያ የተወጋው ሌናርድ ቶምፕሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ በረኀብ ምግቡ ከስቶ ሞት አፋፍ ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረ።

የዕፅ መድኃኒት አዳነ የሚለው ምስክርነት ከየት እንደሚመጣም እናውቃለን። ኢንሱሊን ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በብዙ ልጆች ላይ የጫጉላ ጊዜ የሚባለው ይመጣል፤ የተረፉት የቆሽት ሴሎች ዕረፍት አግኝተው ትንሽ ያመርታሉ፣ የሚወጋው መጠን በጣም ይቀንሳል፣ ስኳሩም ጥሩ ይመስላል። በዚያ ሳምንት የተጠጣ ዕፅ ምስጋናውን ይወስዳል። ጊዜው ለአንዱ ሳምንታት፣ ለሌላው ወራት፣ ለጥቂቶች ከዓመት በላይ ይቆያል፤ ከዚያ ያልቃል። በዚህ ጊዜ መጠኑ በሐኪም ይቀነሳል፤ ዝቅተኛው መጠን በቀን ሁለት ሦስት ዩኒት ብቻ ቢሆን እንኳ ጨርሶ አይቆምም። መርፌውን አስቀምጦ በዕፁ የቀጠለ ልጅ ጫጉላው ባለቀ ሳምንት ትውከቱ ይጀምረዋል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ድኗል ስለተባለ ስኳሩን የሚለካለት አይኖርም።